ጣሪያ ለሌለው ሰው የሚመደብ በጀት፦ ከአንኮበር ጎተራ እስከ ደብረ ብርሃን መጠለያ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ውርጩ በርትቶ ባደረ ቀን የባቄላው ማሳ ጠቁሮ ይነጋል፤ ገበሬው ያን ጠዋት አንገቱን ደፍቶ ነው እርሻውን የሚዞረው። በከተማዋ መካከል ግን ውርጩን በገላው የሚቀበል ሌላ ሰው አለ፦ በመናኸሪያው ዙሪያ፣ በሱቅ በረንዳ ሥር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ካርቶን አንጥፎ፣ ማዳበሪያ ተከናንቦ የሚያድር። ልጆቹ እየተቃቀፉ ይተኛሉ፤ ከመካከል የተኛው ይሞቀዋልና በየተራ ይቀያየራሉ። ጎህ ሲቀድ ከቁርስ በፊት የሚፈለገው ፀሐይ ነው። ወደ ምሥራቅ የዞረ ግድግዳ ሁሉ በ12 ሰዓት ተኩል ሰው ተደግፎበት ይገኛል።

መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች ምንም ገንዘብ አያወጣም ማለት ትክክል አይሆንም። በፌዴራል ደረጃ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የፈሰሰበት የከተማ ሴፍቲኔት አለ። ለተፈናቃዮች የሚደርስ የእህልና የመጠለያ ድጋፍ አለ። በየክረምቱ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፣ በየበዓሉ ማዕድ ይጋራል። ሆኖም እነዚህ ገንዘቦች በተለያየ በር ገብተው፣ በተለያየ መሥሪያ ቤት ተመዝግበው፣ በተለያየ ጊዜ የሚደርሱ ናቸው። ተረጂው የሚለየውም ቤቱን ባጣበት ምክንያት ነው፤ ዛሬ ማታ የሚያድርበት ጣሪያ አለው ወይ የሚለው ጥያቄ የማንም መሥሪያ ቤት መነሻ አልሆነም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር በዚህ ላይ ያርፋል፦ የገንዘቡ ማነስ እውነት ቢሆንም፣ በሰሜን ሸዋ ብዙውን ሰው በረንዳ ላይ ያስቀረው የገንዘቡ አመዳደብ ነው።

ሰሜን ሸዋ ስለ መንግሥትና ስለ ድሃ የሚያወራው ታሪክ ረጅም ነው። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በገደል በሚወርድበት ጫፍ ላይ አንኮበር አለች። በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከዚያ ሆነው ሸዋን ገዙ። እ.ኤ.አ. በ1839 የመጣው ሚስዮናዊው ክራፕፍና በ1841 የብሪታንያን ልዑክ እየመራ የደረሰው ካፒቴን ሃሪስ ያዩትን በመጽሐፍ አስፍረዋል። ከጻፉት መካከል የንጉሡ ጎተራ ነገር ይገኝበታል። ከገበሬው በግብር የሚሰበሰበው እህል በጎተራ ይከማቻል፤ ወደ ግቢ ለመጣ እንግዳና ለቤተ መንግሥት ሰው ከዚያ ድርጎ ይሰፈራል፤ ድርቅና ረኃብ በመጣ ጊዜም ንጉሡ ጎተራውን ለሕዝቡ ይከፍታል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አገር በክፉ ቀን ሲመታ፣ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ አፄ ምኒልክ ከቤተ መንግሥቱ ጎተራ እህል ማከፋፈላቸውና በሬው ላለቀበት ሕዝብ ምሳሌ እንዲሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ይታወቃል።

ይህን ታሪክ ማሞገስ ቀላል ነው፤ ሙሉውን ማየት ግን ይገባል። ጎተራው የሞላው በገበሬው ላብ ነበር። ግቢው ውስጥ እህሉን የሚፈጩት፣ እንጨቱን የሚሸከሙት ደግሞ ባሪያዎች ነበሩ። የሚሰጠውም በንጉሥ ቸርነት እንጂ ማንም «ይገባኛል» ብሎ ሊጠይቀው በሚችል መብት አልነበረም። ቢሆንም አንድ ነገር ከዚያ ሥርዓት ይወሰዳል። እህሉ ክፉው ዘመን ከመምጣቱ በፊት ጎተራ ገብቶ ይቆያል፤ ረኃብተኛው ደጅ ላይ ከቆመ በኋላ አልነበረም ፍለጋው የሚጀመረው። ዛሬ የበጀት ባለሙያዎች መጠባበቂያ የሚሉት ነገር በአንኮበር ተራራ ላይ በጭቃና በጭራሮ ተሠርቶ ቆሞ ነበር።

ከጎተራው ቀጥሎ የድሃው መጠጊያ ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ አሁንም ናት። በሰሜን ሸዋ ደጀ ሰላም የሌለው ደብር፣ ሰንበቴ የሌለው ሰንበት አይታሰብም። የኔ ቢጤው የየወሩን በዓላት ቀን ጠንቅቆ ያውቃል፦ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም። እንደ ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ባሉ የጸበል ቦታዎች በሽተኛው፣ በተለይም የአእምሮ ሕመምተኛው፣ ለወራት ሰፍሮ ይቆያል። እነዚህ ቦታዎች ከማንኛውም መሥሪያ ቤት በላይ ሰው ሲያስጠጉ ኖረዋል። ነገር ግን የምጽዋት ሥርዓት በቀን የተወሰነ ነው፤ በዓል ባልሆነበት ማክሰኞ ሌሊት የሚያድርበትን ቦታ አይሰጥም።

የመንግሥትን እጅ በዘመናዊ መልኩ ያስገባው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ በቀበሌ ሥር የገቡት ቤቶች በጥቂት ብር ኪራይ ለድሃው ተሰጡ። ደርግ የፈጸመው ግፍ ሳይረሳ፣ የቀበሌ ቤት በኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ ትልቁ የቤት አልባነት መከላከያ ሆኖ ማገልገሉ መመስከር አለበት። ባሏ የሞተባት የልብስ አጣቢ፣ ጡረታ የሌለው ዘበኛ፣ ጠላ ሸጣ ልጅ የምታሳድግ እናት ዛሬም ድረስ ከተማ ውስጥ መኖር የቻሉት በዚያ ኪራይ ነው። የቤቶቹ ጣሪያ ዝጓል፣ ግድግዳቸው አዝምሟል። አዲስ ሳይጨመር አሮጌው በመልሶ ማልማት ሲፈርስ ክምችቱ እየሳሳ መጣ። ለሕጋዊ ባለይዞታ ካሣ፣ ለቀበሌ ቤት ተከራይም ምትክ ይታሰባል። ከቀበሌ ቤት ተከራይ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ጥገኛ ግን በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ቤቱ በፈረሰ ዕለት ወደ በረንዳ ለመውረድ የቀረበው ሰው ግን እሱ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። አንቀጽ 41 መንግሥት የማኅበራዊ አገልግሎት በጀትን እያሳደገ እንዲሄድ ያዛል፤ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናትም አቅም በፈቀደ መጠን እንዲመድብ ግዴታ ይጥልበታል። አንቀጽ 90 ደግሞ መኖሪያ ቤትን ከጤና፣ ከትምህርት፣ ከንጹሕ ውኃና ከምግብ ጋር አንድ ላይ ያነሣዋል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ግን ጎዳናውን የሚያየው በሥጋት ዓይን ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱ ሕጎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። በተግባር በረንዳ ላይ የተኛ ወጣት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያገኘው ሁለተኛውን ነው፤ ትልቅ ስብሰባ ወይም ክብረ በዓል ሲደርስ ይነሣል፣ እንግዳው ሲሄድ ይመለሳል። ለማንሳቱ ነዳጅና የሰው ኃይል ይወጣል፤ ያ ወጪ ማንንም ቤት አላስገባም።

የመጀመሪያው እውነተኛ የገንዘብ ለውጥ የመጣው በ2007 ዓ.ም. የጸደቀውን ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ተከትሎ ነው። በ2008 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ያጸደቀው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮጀክት 450 ሚሊዮን ዶላር የተያዘለት ሲሆን 300 ሚሊዮኑ ከባንኩ፣ 150 ሚሊዮኑ ከኢትዮጵያ መንግሥት ነበር። ዓላማው በ11 ከተሞች 604,000 ሰዎችን መድረስ ነበር። አብዛኞቹ በአካባቢ ጽዳት፣ በድንጋይ ንጣፍ፣ በአረንጓዴ ልማት ሠርተው ሲጀመር በቀን 60 ብር የሚያገኙ፣ ከዚያም ላይ 20 በመቶውን በግዴታ የሚቆጥቡ ነበሩ። መሥራት የማይችሉት አረጋውያንና ሕሙማን በቀጥታ ይደገፋሉ። የፕሮጀክቱ አዲስ ነገር ግን ሌላ ነበር፦ ጎዳና ላይ ለሚኖሩ ሕፃናት፣ ለቤት አልባዎችና በልመና ለሚተዳደሩ ሰዎች የተለየ ክፍል ነበረው። ጊዜያዊ ማቆያ፣ ምክር፣ ከቤተሰብ ማገናኘት፣ የሙያ ሥልጠና በዚያ ውስጥ ተካተዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት በረንዳ አዳሪን በስም ጠርቶ ይህን ያህል መጠን ባለው ፕሮጀክት ውስጥ ሲያስገባ ያ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሊመሰገንም ይገባዋል።

ከአማራ ክልል በዚያ የመጀመሪያ ዙር የገባችው ከተማ ደሴ ነበረች። ደብረ ብርሃን አልነበረችበትም። የተመረጡት አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና የየክልሉ ትልልቅ ከተሞች ስለሆኑ መመዘኛው ለመረዳት የሚከብድ አይደለም። ጉዳቱ ግን መካከለኛ ከተሞች ላይ አረፈ። ቤት አልባነት ከገጠር ተነሥቶ በቀጥታ አዲስ አበባ አይገባም። ከአንኮበር፣ ከመንዝ ወይም ከይፋት የተነሣ ልጅ በመጀመሪያ የሚያርፈው ደብረ ብርሃን ነው፤ እዚያ ሊስትሮ ይሆናል፣ ዕቃ ይሸከማል፣ መኪና ያጥባል። አዲስ አበባ የሚደርሰው አንድ ሁለት ክረምት በረንዳ ላይ ካለፈ በኋላ፣ ምናልባትም ማስቲሽ መሳብ ከለመደ በኋላ ነው። መንገዱ መሐል ላይ ቢደረስለት ኖሮ ወጪውም ድካሙም በቀለለ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የጸደቀው ሁለተኛው ዙር፣ ከዓለም ባንክ 400 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለት የከተማ ሴፍቲኔትና የሥራ ዕድል ፕሮጀክት፣ ወደ 83 ከተሞች እንዲሰፋ መደረጉ ይህን ስሕተት ለማረም የታለመ ነው።

የከተሞቹ ቁጥር ቢጨምርም የመግቢያው በር እንደጠበበ ቆየ። ተጠቃሚን የሚመርጠው የቀበሌ ኮሚቴ ነው፤ የሚመርጠውም ከሚያውቀው ነዋሪ መካከል ነው። ነዋሪ ለመሆን የቀበሌ መታወቂያ ያስፈልጋል። መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ መምጣት አለበት። ከቤቱ በጠብ የወጣ የ15 ዓመት ልጅ መሸኛ የለውም። ከአሠሪዋ ቤት የተባረረች የቤት ሠራተኛም የላትም። ቀበሌው ራሱ የተቃጠለበት ተፈናቃይ ደግሞ መሸኛ የሚጽፍለት ጸሐፊም፣ ማኅተም የሚያሳርፍለት ጽሕፈት ቤትም ከኋላው አልቀረም። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ቢሆን መዋጮው ለአቅመ ቢሶች በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር አለ፤ የአቅመ ቢሶቹ ስም ዝርዝር ግን የሚዘጋጀው በዚያው በቀበሌ መዝገብ ነው። ስለዚህ የሳንባ ምች የያዘው በረንዳ አዳሪ ሐኪም ቤት ሲደርስ ከፋይ የሌለው ሰው ሆኖ ይቀርባል። አንዲት ማኅተም ያረፈባት ወረቀት የሴፍቲኔቱንም የጤና መድኑንም በጀት ትቆልፋለች።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የከተማዋ መልክ ራሱ ተለወጠ። በሚያዝያ ወር 2013 አጣዬ ስትቃጠል ሕዝቧ ወደ መሐል ሜዳና ወደ ደብረ ብርሃን ጎረፈ። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ሲደርስ ሌላ ማዕበል መጣ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ የተፈጸመው ጭፍጨፋ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ በወለጋ ዞኖች የደረሱት ጥቃቶች፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ደብረ ብርሃን አመጡ። ቻይና ካምፕ፣ ወይንሸት፣ ባቄሎ የሚባሉት መጠለያዎች ስም በአገሪቱ ሁሉ ታወቀ። አብዛኞቹ በቡናና በበቆሎ አገር፣ በሞቃት መሬት ላይ የኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። የሸዋ ደጋ ውርጭ በድንኳን ሸራ ሥር ሲያገኛቸው ብርዱን የሚመክቱበት ልብስም ልማድም አልነበራቸውም።

ለተፈናቃይ የሚሆን ሕግ አለ። ኢትዮጵያ የካምፓላን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም ተፈናቃይን የመጠበቅና የመርዳት ዋናውን ኃላፊነት የሚጥለው በመንግሥት ላይ ነው። ለእህሉ ግን የአገሪቱ እጅ ከውጭ ለጋሽ ጋር የተሳሰረ ነበር። በሰኔ 2015 የአሜሪካው ዩኤስኤይድ እርዳታ ከታለመለት ውጭ ተዘዋውሯል ብሎ በመላ አገሪቱ የምግብ ድጋፉን ሲያቆም፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም እንዲሁ ሲያቆም፣ ካምፕ ውስጥ ያለው ሰው ለወራት ባዶ እጁን ቀረ። በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ መንፈቅ በመጀመሪያ ለስደተኞች፣ ከዚያም ለሌሎቹ እርዳታው ቀስ በቀስ ተመለሰ። በዚያው ዓመት መንግሥት ተፈናቃዮችን ከደብረ ብርሃን ወደ ወለጋ መመለስ ጀመረ፤ ከተመለሱት መካከል ሥጋት አላስቀምጥ ብሏቸው ዳግም የመጡም ነበሩ። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ፤ በሰኔ መጨረሻ ዩኤስኤይድ የሚባለው ተቋም ተዘጋ። የአንድ ከተማ መጠለያ እራት ዋሽንግተን ላይ በተፈረመ ወረቀት የሚወሰን ከሆነ፣ ያ ገንዘብ ማንም የማይጠብቀው ጎተራ ነው ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ የሚታየው ክፍፍል ከዚህ ይጀምራል። ተፈናቃዩ በአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ሥር ነው። በረንዳ አዳሪው በሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ሥር ነው። ቤት የሚባለው ነገር ደግሞ የከተማና መሠረተ ልማት ጉዳይ ነው። ከመጠለያው ወጥቶ የቀን ሥራ ፍለጋ መናኸሪያ አካባቢ ማደር የጀመረ የወለጋ ተፈናቃይ ከመጀመሪያው መዝገብ ይሰረዛል፣ በሁለተኛው አይመዘገብም። ከአንኮበር የመጣው ልጅ በአጠገቡ ይተኛል፤ ያንኑ ብርድ ይካፈላሉ፣ አንዱ ስንዴ የሚያስሰፍርለት ቁጥር ነበረው፣ ሌላው ኖሮትም አያውቅም። የሁለቱ ሰዎች ፍላጎት ዛሬ ማታ አንድ ነው። የሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ሪፖርት ግን በአንድ ገጽ ላይ ተገናኝቶ አያውቅም፤ ስለዚህም በደብረ ብርሃን ስንት ሰው ያለ ጣሪያ እንደሚያድር የሚናገር አንድ የጋራ ቁጥር ከሦስት ሪፖርት አይወጣም።

አንኮበር ላይ ያለው ችግር ጎልቶ አይታይም፤ በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው በአንኮበሯ የጎረቤላ ገበያ መፈለግ ብዙ አያስገኝም። እዚያ ዘመድ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ከብት የሚያድርበት ጋጣ እንኳ ለመንገደኛ ይተርፋል። ግን አንኮበር የቤት አልባነት ምንጭ ናት። ገደላ ገደሉ መሬት ተሸንሽኖ ለልጅ ልጅ አይበቃም፤ የበልግ ዝናብ ሲቀር ገብሱ ይቀራል፤ ወጣቱ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቢራው፣ የብርድ ልብሱና የሌሎቹም ፋብሪካዎች ስም ይጠራዋል። የተቀጠረው ጓደኞቹን አስከትሎ አንዲት ክፍል ይከራያል። ያልተቀጠረው ገንዘቡ እስኪያልቅ በርካሽ አልጋ ያድራል፣ ከዚያ በኋላ ምርጫ የለውም። በገጠሩ ወረዳ የሚመደብ አነስተኛ የሥራ ማስጀመሪያ ብድር፣ ወይም ከመንገዱ ጫፍ ላይ የሚቀበለው አንድ ማረፊያ፣ ከብዙ የከተማ ማገገሚያ ማዕከል የበለጠ ሊሠራ ይችላል። ገንዘቡ ግን ሁልጊዜ የሚከተለው ችግሩ የሚታይበትን ቦታ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የታዩት ሥራዎች ለሰሜን ሸዋ ብዙ ያስተምራሉ። በ2002 ዓ.ም. ቢኒያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከጎዳና ያነሣቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እያጠበ፣ እየመገበ፣ እያስታመመ ይኖራል። በ2017 ዓ.ም. የቴሌቪዥን አዘጋጁ ሰይፉ ፋንታሁን በኢንተርኔት በቀጥታ ባስተላለፈው የገንዘብ ማሰባሰቢያ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ሲገባ፣ ሕዝቡ ለዚህ ጉዳይ ያለው ልብ ምን ያህል እንደሆነ ታየ። የከተማው አስተዳደር በበኩሉ የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላትን ከፍቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በወሲብ ንግድና በጎዳና ሕይወት ውስጥ ላለፉ ሴቶች «ለነገዋ» የተባለውን የተሃድሶና የክህሎት ማዕከል አስመርቋል። እነዚህ የሚጨበጡ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም የመቄዶንያ ታሪክ ሌላም ነገር ይናገራል፦ አገሪቱ ካሏት ትልልቅ የቤት አልባዎች ማዕከላት አንዱ የሚተዳደረው በዋናነት በልገሳ ነው። ሕገ መንግሥቱ የመንግሥት ግዴታ ያለውን ሸክም አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በሕዝብ ልግስና ተሸክሞታል።

ከውጭው ዓለም ሁለት ነገር ማየት ይጠቅማል። እንግሊዝ ሀብታም አገር ናት፤ በየመኸሩ በአንድ ሌሊት ጎዳና ላይ የሚያድረውን ሰው በየአካባቢው ትቆጥራለች ወይም ትገምታለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ቁጥሩ 4,751 ነበር። ኮሮና ሲመጣ በመጋቢት 2020 መንግሥቱ ሁሉም ይግባ ብሎ ገንዘብ መደበ፤ ሆቴሎች ተከፈቱ። በ2021 ቁጥሩ 2,440 ገደማ ወረደ። ያ አስቸኳይ ድጋፍ ሲያበቃና የቤት ኪራይ ሲንር በ2024 ወደ 4,667 ተመለሰ። በቂ ገንዘብና ፈቃድ ሲኖር ሰው ከጎዳና በሳምንታት ውስጥ እንደሚነሣ፣ ገንዘቡ ጊዜያዊ ሲሆን ደግሞ እንደሚመለስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሁለተኛዋ አገር ለኢትዮጵያ ኑሮ የምትቀርበው ሕንድ ናት። የዴልሂ ክረምት ብዙ ሰው ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተሞች ለእያንዳንዱ 100,000 ነዋሪ ቢያንስ አንድ መጠለያ እንዲኖራቸው አዘዘ፤ ሌሊትና ቀን ክፍት የሚሆን። በ2013 የወጣው ብሔራዊ የከተማ ኑሮ ማሻሻያ መርሐ ግብር ወጪውን በአብዛኞቹ ክልሎች ማዕከላዊው መንግሥት 75 በመቶ፣ ክልሎች 25 በመቶ እንዲሸፍኑት ደነገገ። አፈጻጸሙ ብዙ ጉድለት አለበት፤ ሕዝቡም እጅግ ብዙ ነው። ነገር ግን እዚያ ማንም ከንቲባ መጠለያው የኔ ኃላፊነት አይደለም ሊል አይችልም፤ ስንት መሥራት እንዳለበትና ማን እንደሚከፍል ተጽፏል። ደብረ ብርሃን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 65,231 ሰው ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው፣ ፋብሪካዎቹና ተፈናቃዮቹ ተጨምረው ከተማዋ በእጅጉ ሰፍታለች። በሕንዱ መለኪያ ቢታይ ለደብረ ብርሃን ቢያንስ አንድ ቋሚ የመንግሥት ማደሪያ ይደርሳታል።

በሰሜን ሸዋ ይህን ለመጀመር የዓለም ባንክን አዲስ ዙር መጠበቅ አያሻም። የመጀመሪያው ጉዳይ የቀን መቁጠሪያ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ገንዘቡ ወደ ወረዳና ከተማ ወርዶ የሚንቀሳቀሰው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። የበጎ ፈቃድ የቤት እድሳት በክረምት ይካሄዳል፣ ማዕድ ማጋራቱ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ይሆናል። ውርጩ የሚበረታው ግን ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ነው፤ ግዢ ተፈጽሞ፣ ቦታ ተዘጋጅቶ፣ ሰው ተቀጥሮ መጠበቅ ያለበት ጥቅምት ከመግባቱ በፊት ነው። ለዚህ የከተማው ምክር ቤት በመደበኛ በጀት ውስጥ የራሱ አርዕስትና ኮድ ያለው የማደሪያ ወጪ ሊያጸድቅ ይችላል። ራሱን የቻለ አርዕስት የሌለው ወጪ በዓመቱ መካከል ጥበት ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀነስ ነው። የሚገዛው ብርድ ልብስና ባናም ከሩቅ መምጣት የለበትም፤ የመንዝ በግ ጠጉር፣ የመንዝ ሸማኔና የከተማዋ የብርድ ልብስ ሥራ እዚያው ናቸው፤ ለብርድ የወጣው ገንዘብ በዚያው ለአካባቢው ሰው የሥራ ገቢ ይሆናል።

የመሸኛውን ቁልፍ ለመክፈትም ዛሬ የተሻለ መሣሪያ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፤ መለያው ከቀበሌ ነዋሪነት ጋር የታሰረ አይደለም። የምዝገባ ባለሙያ መሣሪያውን ይዞ ወደ መናኸሪያውና ወደ ጸበል ቦታዎች ቢሄድ፣ የሴፍቲኔቱ ኮሚቴና የጤና መድኑ ጽሕፈት ቤትም የፋይዳን ቁጥር እንደ በቂ ማስረጃ እንዲቀበሉ መመሪያ ቢወጣ፣ በአንድ ወረቀት የተቆለፈው በጀት ይከፈታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ም ለዚህ ይረዳል። አዋጁ የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ይጠይቃል፤ አከራይ ባሰኘው ጊዜ ተከራይን እንዳያስወጣም ይከለክላል። በደብረ ብርሃን በጥብቅ ቢተገበር በረንዳ ላይ የሚወርደውን ሰው ከመነሻው ይቀንሳል፤ ለመንግሥት የሚያስወጣው ወጪም የጥቂት ሠራተኞች ደመወዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን ቆጠራው ነው። በታኅሣሥ ወር በአንድ ሌሊት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ፣ የአደጋ ስጋት፣ የማኅበራዊ ጉዳይና የከተማ ልማት ሠራተኞች ከዕድሮችና ከደብር አስተዳዳሪዎች ጋር ሆነው መናኸሪያውን፣ በረንዳውን፣ ቅጥሩንና መጠለያዎቹን ቢያዳርሱ፣ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቅጽ ቢሞሉ፣ ጥያቄው ቀላል ይሆናል፦ ዛሬ የት አደርክ፣ ከየት መጣህ፣ ምን ቢደረግልህ ከዚህ ትነሣለህ። ከወለጋ የመጣውም፣ ከአንኮበር የመጣውም፣ የቀበሌ ቤት የፈረሰበትም በአንድ ዝርዝር ይሰፍራሉ። ያ ዝርዝር የበጀት ዝግጅት ሲጀመር በምክር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ፣ ለሐምሌ 1 የሚያዘው ገንዘብ ስንት አልጋ፣ ስንት ነርስ፣ ስንት የኪራይ ድጎማ እንደሚያስፈልግ ከግምት ወጥቶ በቁጥር ይታወቃል።